ከገና በፊት ያሉት የውርጭ ሌሊቶች፦ የአካባቢ የአየር ሁኔታ ምልከታ እንዴት ይካሄዳል? ኅብረተሰቡስ እንዴት ሊጠቀምበት ይችላል?

በአገራችን የበጋ ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። በእነዚህ ወራት አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ደረቃማ፣ ፀሐያማና ነፋሻማ የአየር ሁኔታ ያለው ሲሆን፣ በደጋማ አካባቢዎች የሌሊቱና የማለዳው ቅዝቃዜ እየተጠናከረ ይሄዳል። በተለይ ከኅዳር አጋማሽ አንሥቶ እስከ ገና በዓል ባሉት ሳምንታት የሌሊቱ ሙቀት በበርካታ ቦታዎች ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች፣ በአንዳንዶቹ ደግሞ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ጊዜው የመኸር ሰብል የሚታጨድበትና የሚወቃበት፣ በዚያው ልክ ዘግይቶ የተዘራ ጥራጥሬና በመስኖ የለማ አትክልት ገና ማሳ ላይ የሚገኝበት ነው። ስለዚህ አንድ የውርጭ ሌሊት የወራት ድካምን ሊያጠፋ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ ውርጭ እንዴት እንደሚፈጠር፣ በየአካባቢው የሚገኙ የአየር ሁኔታ ምልከታ መዝጋቢዎች በየማለዳው ምን እንደሚለኩ፣ ትንበያው በእያንዳንዱ ማሳና ቤት ላይ ምን ትርጉም እንዳለው፣ እንዲሁም መረጃውን ከየት ማግኘት እንደሚቻል ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

በረዶ፣ ውርጭና አመዳይ

በአማርኛ «በረዶ» የሚለው ቃል ሰፊ ትርጉም አለው። ከነጎድጓዳማ ዝናብ ጋር የሚወርደውን ጠጠር፣ በከፍተኛ ተራሮች ላይ እንደ ጥጥ ብናኝ የሚረግፈውን፣ ቀዝቅዞ የረጋውንም ውሃ በአንድነት ይጠራል። ለአየር ሁኔታ መዝገብ ግን ልዩነቱ መታወቅ ይኖርበታል። የአገራችን ተራሮች ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ በረዶ የላቸውም። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ራስ ዳሽንም ሆነ በባሌ ተራሮች በረዶ የሚወርደው ደመና ሲኖር ብቻ ስለሆነ ይበልጥ የሚታየው በዝናባማ ወራት ነው።

በደረቁ የበጋ ማለዳ ሣሩን፣ የክምሩን ጫፍና የቤቱን ክዳን ነጭ አልብሶ የሚታየው ግን ከደመና የወረደ አይደለም። በመሬት አቅራቢያ ባለው አየር ውስጥ የሚገኘው እርጥበት እጅግ የቀዘቀዘ ነገር ላይ ሲያርፍ በዚያው ረግቶ የሚፈጠር ነው፤ ይህም አመዳይ ይባላል። ውርጭ ደግሞ ሙቀቱ እስከ ዜሮና ከዚያ በታች ወርዶ ተክልን የሚጎዳበት ሁኔታ ነው። ሕዝባችን የአገሩን አቀማመጥ በቆላ፣ በወይና ደጋና በደጋ ሲከፍል፣ ከደጋ በላይ፣ በግምት ከ3,200 ሜትር በላይ ያለውን ምድር «ውርጭ» ብሎ መሰየሙ ክስተቱ ምን ያህል የታወቀ እንደሆነ ያመለክታል።

አንድ ነጥብ ልብ ሊባል ይገባል። አየሩ በጣም ደረቅ በሆነባቸው ሌሊቶች አመዳይ ሳይታይ ውርጭ ሊከሰት ይችላል። ነጭ ነገር ስላላየ ማሳው እንደተረፈ የገመተ አርሶ አደር፣ በማግስቱ ቅጠሉ ጠቁሮ ሊያገኘው ይችላል። በዚህ ምክንያት ውርጭን የሚያረጋግጠው በዓይን የሚታየው ንጣት ሳይሆን የተመዘገበው ዝቅተኛ ሙቀት ነው።

ውርጭ የሚፈጠረው እንዴት ነው?

ብዙዎች የታኅሣሥ ቅዝቃዜ የሌሊቱ መርዘም ውጤት ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የሌሊትና የቀን ርዝመት ልዩነት አነስተኛ ነው። በአዲስ አበባ ረጅሙ ሌሊት ከግማሽ ቀን የሚበልጠው በ25 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ዋናው ምክንያት የሰማዩ ጥራትና የአየሩ ድርቀት ነው።

መሬት ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ጠፈር ትመልሳለች። ደመናና እርጥበት ሲኖሩ ከዚህ ሙቀት የተወሰነውን ይዘው ወደ ምድር ስለሚመልሱ እንደ ብርድ ልብስ ያገለግላሉ። በበጋ ከሰሜን ምሥራቅ አቅጣጫ የሚመጣው ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ሲያይል ሰማዩ ይጠራል፤ ልብሱ እንደተገፈፈ ይቆጠራል። ነፋሱም ጸጥ ካለ ከላይ ያለው ሞቅ ያለ አየር ከታችኛው ጋር አይደባለቅም። ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ ቁልቁል ይፈስሳል፤ በሸለቆና በረባዳ ስፍራም ይተኛል። ሙቀቱ ከሁሉ ዝቅ የሚለው ንጋት ላይ፣ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው።

በቀን ከፍታ በጨመረ ቁጥር ቅዝቃዜው ይጨምራል። በጠራ ሌሊት ግን ይህ ሊገለበጥ ይችላል፤ ረባዳው ማሳ በውርጭ ሲመታ ከበላዩ ያለው ተዳፋት ሊተርፍ ይችላል። በአንድ ቀበሌ የአንዱ ድንች ተቃጥሎ የጎረቤቱ ለምለም ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

በየማለዳው የሚመዘገበው ምንድን ነው?

በ1973 ዓ.ም. ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆኖ የተቋቋመውና በአሁኑ ጊዜ ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ተጠሪ የሆነው የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ጣቢያዎቹን በአራት ደረጃዎች ይከፍላቸዋል። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ጣቢያዎች በርካታ የአየር ሁኔታ ክፍሎችን ይመዘግባሉ። የሦስተኛ ደረጃ ጣቢያዎች ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀትን እንዲሁም ዝናብን ይለካሉ። የአራተኛ ደረጃ ጣቢያዎች የሚለኩት ዝናብን ብቻ ነው። በተጨማሪም መረጃን በየጥቂት ደቂቃው የሚልኩ አውቶማቲክ ጣቢያዎች አሉ።

በሦስተኛና በአራተኛ ደረጃ ጣቢያዎች ምልከታውን የሚያካሂዱት በአብዛኛው እዚያው አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ወደ ጣቢያው ሄደው የሚከተሉትን ያከናውናሉ፦

• ከመሬት ከ1 ሜትር ከ25 ሴንቲ ሜትር እስከ 2 ሜትር ከፍታ ባለው ነጭ መጠለያ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠውን የዝቅተኛ ሙቀት ቴርሞሜትር አንብበው የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት ይመዘግባሉ፤ መሣሪያውንም ለሚቀጥለው ሌሊት ያስተካክላሉ።

• በዝናብ መለኪያው ውስጥ ያለውን ውሃ ይለካሉ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሊትር ውሃ ነው። በመለኪያው ውስጥ በረዶ ከተገኘ ቀልጦ በውሃነቱ ይለካል።

• አመዳይ፣ ጭጋግ ወይም በረዶ ታይቶ እንደሆነ በማስታወሻ ዓምዱ ላይ ያሰፍራሉ።

• ዝናብ ካልነበረ ዜሮ ይጽፋሉ። ባዶ የተተወ ቦታ «አልተለካም» ማለት ሲሆን፣ ዜሮ ግን «ተለክቶ የለም» ማለት ነው። በበጋ በተከታታይ የሚጻፉት ዜሮዎች ድርቀቱ ምን ያህል እንደቆየ የሚያሳዩ ሙሉ መረጃዎች ናቸው።

ይህ ሥራ በዓልና ዕረፍት የለውም። የገና ዕለት ማለዳ የተዘለለ አንድ ንባብ በኋላ ተመልሶ ሊገኝ አይችልም። በአንጻሩ ለአሥርት ዓመታት ሳይቋረጥ የተያዘ የአንድ ጣቢያ መዝገብ በዚያ አካባቢ ውርጭ ብዙ ጊዜ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያበቃ ይናገራል፤ የመዝሪያ ጊዜንና የሰብል ዓይነትን ለመምረጥም መሠረት ይሆናል።

ትንበያው በእርስዎ ማሳ ላይ ምን ማለት ነው?

ኢንስቲትዩቱ የዕለት፣ የአሥር ቀናት፣ የወርና የወቅት ትንበያዎችን ያወጣል። በበጋ መግለጫዎች ውስጥ እንደ ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ፣ ወገል ጤናና ባሌ ሮቤ ያሉ ቦታዎች በቅዝቃዜያቸው ስማቸው በተደጋጋሚ ይነሣል። መግለጫውን ሲያነቡ ወይም ሲያዳምጡ ሁለት ነገሮችን ያገናዝቡ።

አንደኛ፣ የሚነገረው ሙቀት ከመሬት ከፍ ብሎ በመጠለያ ውስጥ የተለካ ነው። በጠራና ጸጥ ባለ ሌሊት በሣሩ ደረጃ ያለው ሙቀት ከዚህ በጥቂት ዲግሪዎች ሊያንስ ይችላል። ስለሆነም 2 ወይም 3 ዲግሪ ተብሎ ሲነገር መሬት ላይ ውርጭ ሊኖር እንደሚችል መታሰብ አለበት።

ሁለተኛ፣ ትንበያው ሰፊ አካባቢን የሚመለከት ነው። ማሳዎ ረባዳ ላይ ከሆነ ከተነገረው የባሰ፣ ተዳፋት ላይ ከሆነ የተሻለ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ምሽት ላይ የሚታዩ ምልክቶችን ይጨምሩ፦ ደመና የሌለበት ሰማይ፣ የቆመ ነፋስ፣ ደረቅ አየር፣ ፀሐይ እንደጠለቀች ወዲያው የሚሰማ ብርድ። እነዚህ ሁሉ በአንድነት ከታዩ ለጥንቃቄ በቂ ምክንያት አለ።

ከመምሸቱ በፊት ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

• ዋናው ጥንቃቄ የደረሰውን ሰብል ሳያዘገዩ መሰብሰብ ነው። ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ቦሎቄ በውርጭ በቀላሉ ይጎዳሉ። ገብስና ስንዴ በቡቃያነታቸው ብርድን ቢችሉም፣ በሚያብቡበትና ፍሬ በሚይዙበት ጊዜ ለጉዳት የተጋለጡ ናቸው።

• መስኖ ያለው አርሶ አደር ማሳውን አስቀድሞ በቀን ቢያጠጣ ይጠቅመዋል። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ የቀኑን ሙቀት አከማችቶ በሌሊት ቀስ በቀስ ይለቃል።

• ችግኝና የጓሮ አትክልት ፀሐይ ሳትጠልቅ በጨርቅ፣ በጆንያ ወይም በሣር ሊሸፈን ይገባል። ሽፋኑ የሚጠቅመው ከመሬቱ የሚወጣውን ሙቀት ስለሚይዝ ነው፤ መሬቱ ከቀዘቀዘ በኋላ መሸፈን ያን ያህል አይረዳም።

• ማሳ ዳር ጭድ እያነደዱ ማጨስ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ሆኖም ጭስ እንደ ደመና ሙቀትን አይዝም፤ ጥቅም ቢኖረው የእሳቱ ሙቀት ነው። በደረቁ ወቅት በታጨደ ሰብልና በክምር አጠገብ እሳት ማንደድ ከውርጩ የከፋ ጥፋት ሊያስከትል ስለሚችል አይመከርም።

• ጥጆች፣ ግልገሎችና የታመሙ እንስሳት ነፋስ በማይገባበት ደረቅ ቦታ እንዲያድሩ ማድረግ ያስፈልጋል። መንጋውም አመዳዩ ከሣሩ ላይ እስኪለቅ ቢቆይ መልካም ነው።

አመዳዩ ከቀለጠ በኋላ

ፀሐይ ሞቅ ስትል አመዳዩ በአጭር ጊዜ ይቀልጣል፤ የጉዳቱ መልክ የሚታየውም ያን ጊዜ ነው። በውርጭ የተመታ ቅጠል በመጀመሪያ በውሃ የራሰ ይመስላል፤ ከዚያ ይጠወልጋል፣ ይጠቁራል። ይሁን እንጂ በዚያው ዕለት ሰብሉን መንቀል ተገቢ አይደለም። ድንችን የመሳሰሉ ተክሎች ግንዳቸው ወይም ሥራቸው ከተረፈ እንደገና ሊያቆጠቁጡ ይችላሉ። ጥቂት ቀናት ጠብቆ የግብርና ልማት ጣቢያ ሠራተኛን ማማከር ያስፈልጋል። ሽፋን የተደረገላቸው ችግኞች ደግሞ አየሩ ሲሞቅ ሽፋናቸው ሊነሣ ይገባል።

ጉዳት ከደረሰ ቀኑን፣ የማሳውን ስፋት፣ የሰብሉን ዓይነትና የዕድገት ደረጃ ወዲያውኑ ጽፈው ለቀበሌዎ ያሳውቁ። ጉዳቱ በሚጣራበት ጊዜ ይህ ጽሑፍ በአቅራቢያው ካለው ጣቢያ ዝቅተኛ የሙቀት መዝገብ ጋር ሊመሳከር ይችላል።

በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ቅዝቃዜ በበረታበት ሌሊት ከሰል አቀጣጥሎ፣ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ሕይወት ይቀጥፋል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊገድል ይችላል። ፍሙ ቢጎመራና ጭሱ ቢጠፋም አደጋው አይጠፋም። ስለዚህ ከመኝታ በፊት ከሰሉን ከቤት ማውጣት ግዴታ ነው። በከሰል በሚሞቅ ቤት ውስጥ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር መውጣትና ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ገና ሲቃረብ እንግዳ በሚበዛበት ቤት ይህ ማሳሰቢያ ለሁሉም ሊነገር ይገባል።

መረጃና አገልግሎት ለማግኘት

ትንበያዎች በመገናኛ ብዙኃንና በኢንስቲትዩቱ የመረጃ ማሰራጫዎች ይቀርባሉ። ያለፈ ጊዜ የሙቀት ወይም የዝናብ መረጃ የሚፈልግ ተገልጋይ አዲስ አበባ ወደሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤት ወይም እንደ ባሕር ዳር፣ ኮምቦልቻ፣ አዳማ፣ ሐዋሳና ጅማ ባሉ ከተሞች ወደሚገኙት የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ማዕከላት ማመልከት ይችላል። ጥያቄዎ በቀላሉ እንዲስተናገድ የሚከተሉትን በጽሑፍ ይግለጹ፦

• መረጃው የሚፈለግበትን ቦታ፣ ወረዳውንና ቀበሌውን ጨምሮ፤

• መነሻና መድረሻ ቀኑን፤

• የሚፈለገውን የመረጃ ዓይነት፣ ለምሳሌ ዕለታዊ ዝቅተኛ ሙቀት ወይም ዝናብ፤

• መረጃው የሚውልበትን ዓላማ።

በአካባቢዎ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ካለ አጥሩ እንዳይፈርስ፣ በአጠገቡ ዛፍ እንዳይተከል ወይም ቤት እንዳይሠራ፣ ልጆችም መሣሪያዎቹን እንዳይነኩ በመጠበቅ ይተባበሩ። በጣቢያው አጠገብ የቆመ ግድግዳ ወይም ያደገ ዛፍ ንባቡን ያዛባል፤ የተዛባ ንባብ ደግሞ ትንበያውን ያዛባል። ጣቢያው የሚጠበቀው ለራስዎ ማሳ፣ ለራስዎ ከብትና ለራስዎ ቤተሰብ ጭምር ነው።