ሸክምን በጥበብ ማንሣት፦ በየአጥቢያው ሊሰጥ የሚገባው ሥልጠና

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የገላትያ ምእመናን አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም መክሯል። ትምህርቱ በቀዳሚነት መንፈሳዊ ቢሆንም፣ እህል ከመኪና በሚወርድበት፣ ሲሚንቶ ወደ ሕንፃ በሚወጣበትና ለክብረ በዓል ድንኳን በሚተከልበት ዐጸደ ቤተ ክርስቲያን በቁሙም ይሠራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የእርዳታ እህል ማከፋፈያ አንድ አባወራ ኩንታል ብቻቸውን ተሸክመው ሲዞሩ ወገባቸው ተጎዳ። በዚያ ክረምት ማሳቸውን ያረሱላቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ከሥራው በፊት ስለ አነሣሡ የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ አስተባባሪው እኔ ነበርሁ።

ይህን ሥልጠና ለመስጠት ሰው ወደ ከተማ መላክ ግድ አይደለም። ሸክሙ፣ ደረጃውና መጋዘኑ የሚገኙት በአጥቢያው ስለሆነ፣ ልምምዱም በዚያው ቢደረግ ይመረጣል። ግማሽ ቀን፣ ከሰበካ ጉባኤው የተመደበ አንድ ኃላፊና ቢቻል ከምእመናን መካከል አንድ የጤና ባለሙያ ይበቃሉ።

ሥልጠናው ሦስት ክፍሎች ይኑሩት።

አንደኛ፣ ሸክሙን መመርመር። ኃላፊው ከሠራተኞቹ ጋር እየዞረ ምን፣ ከየት ወዴት፣ በስንት ሰው እንደሚነሣ ይመዝግብ። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ፣ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ፣ በውኃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ አንድ ዐዋቂ ወንድ እንዲሸከም የሚፈቀደው ክብደት ከ55 ኪሎ በላይ ከሆነ በፍጥነት ወደዚያ እንዲወርድ፣ የሴቶች ደግሞ ከዚህ እጅግ እንዲያንስ አሳስቧል።

ሁለተኛ፣ ሸክሙን ማቅለል። አነሣሥን ማስተማር ብቻውን ወገብን አያድንም። እህሉ በ50 ኪሎ ወይም ከዚያ ባነሰ ከረጢት እንዲሰፈር መጠየቅ፣ የእጅ ጋሪ ማዘጋጀት፣ መኪናውን ወደ መጋዘኑ ማስጠጋት፣ መተላለፊያውን ከድንጋይና ከጭቃ ማጽዳት፣ ከረጢቱን በወገብ ከፍታ መደርደር ይቀድማል።

ሦስተኛ፣ መለማመድ። መጀመሪያ ባነሰ ክብደት ይሞከር። ሠራተኛው መንገዱን አይቶ፣ ወደ ሸክሙ ተጠግቶ፣ እግሮቹን ከፈት አድርጎ ይቁም፤ ጉልበቱን አጥፎ አጥብቆ ይያዝ፤ ሸክሙን ወደ ሰውነቱ አስጠግቶ በእግሩ ኃይል ይነሣ። ሲዞር በእግሩ ይዙር እንጂ ወገቡን አይጠምዝዝ። ሁለት ሰዎች ሲያነሡ ትእዛዝ የሚሰጠው አንዱ ብቻ ይሁን። ሁሉም በየተራ ካሳየ በኋላ ሥልጠናው ተፈጸመ ይባላል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ሠራተኞቹ ስለ ሥራቸው አደጋና ስለሚወስዱት ጥንቃቄ እንዲያውቁ የማድረግ ግዴታ ይጥልበታል። እኛ ግን ለቀን ሠራተኛው ብቻ ሳይሆን፣ ስለ በረከት ብለው ለሚያገለግሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና ውኃ ለሚቀዱ እናቶችም ይህንኑ ልናደርግ ይገባናል። ለበረከት የመጣ ሰው ታሞ መመለስ የለበትምና።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ከሚቀጥለው የእህል ወይም የሲሚንቶ ርክክብ በፊት ጉዳዩን በአጀንዳ ይያዝ፤ ኃላፊውንና የሥልጠናውን ቀን በቃለ ጉባኤ ያስፍር። «ወገቤን አመመኝ» የሚል ሠራተኛ ሲኖርም እንደ ሰነፍ ሳይቆጠር ይሰማ፤ የሚቀጥለው ሥልጠና የሚጀምረው ከእርሱ ቃል ነው።