ዮርዳኖስን ተከትለን ወደ ምንጩ

"ቲዩል" የሚለው ቃል ከትምህርት ቤት በተላከ ወረቀት ላይ ሲመጣ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምናስበው ገንዘቡን ነው። በማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኛነቴ ከቤት ቤት ስዞር፣ "መንገድ የሚኬደው ጉዳይ ሲኖር ነው፤ ዝም ብሎ መዞር ምን ይረባል?" የሚሉ አባቶች አጋጥመውኛል። እኔም ከልቤ አልተቃወምኳቸውም ነበር። አንድ የመፀው ቀን ግን አሳቤን ለወጠው፤ እርሱን ላጫውታችሁ።

ቀኑ ኖቬምበር 1 ቀን 2022 ነበር። የክኔሴት ምርጫ ስለ ነበረ ትምህርት ቤትም ሥራም ዝግ ነው። ድምፅ የሚሰጡት ማለዳ ሰጡ፤ ከዚያም ጥቂት ቤተሰቦች ሆነን ዳቦ፣ ቆሎና በፔርሙስ ቡና ይዘን በትንሽ አውቶቡስ ተነሣን። ከመካከላችን አገር ከገቡ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው አንድ አባት ከአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸው ጋር ነበሩ። በባንኩም፣ በኩፓት ሆሊሙም፣ በየቢሮውም የሚናገርላቸው ልጁ ነው። እቤት ሲገቡ አባት በአማርኛ ይጠይቃሉ፤ ልጅ በዕብራይስጥ ይመልሳል፣ ወይም ዝም ይላል። በአውቶቡሱም ውስጥ የተቀመጡት ለየብቻ ነበር።

የሄድነው በ90 ቁጥር መንገድ ነው። ይህ መንገድ ከኤላት እስከ መቱላ የሚዘልቅ፣ በአገሪቱ ረጅሙ መንገድ ነው። መጀመሪያ የቆምነው ዮርዳኖስ ከኪኔሬት ሐይቅ በሚወጣበት በደጋንያ አጠገብ ነበር። አንዲት እናት ውሃውን አይተው፣ "በኦሪት የሰማነው ዮርዳኖስ ይህ ነው? እኛ አገር እኮ ይህ ጅረት ነው!" አሉና ሁላችንም ሳቅን።

እርሳቸው የሚያውቁት የመስከረምንና የጥቅምትን ወንዝ ነው። በዚያ ክረምቱ ሲያልፍ ወንዙ ሞልቶ፣ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ይታያል። እዚህ ግን በጋውን ሙሉ ዝናብ የለም፤ በመፀው ኮረብታው የገለባ መልክ ይይዛል፣ ወንዙም ይቀንሳል። የመጀመሪያውን ዝናብ "ዮሬ" ይሉታል። በአጋጣሚ ያ ዕለት 7 ሔሽቫን ነበር። በእስራኤል በጸሎት ዝናብ መለመን የሚጀመረው በዚህ ቀን ነው። ከዳስ በዓል በኋላ እስከዚህ ቀን የሚጠበቀው፣ በጥንት ዘመን ለበዓል ወደ ኢየሩሳሌም የወጣው የሩቅ አገር ሰው ኤፍራጥስ ወንዝ እስኪደርስ ዝናብ እንዳይመታው ነው። ገበሬው መሬቱ ተሰነጣጥቆ እያየ፣ ለመንገደኛው ብሎ ይታገሣል። ይህን ስነግራቸው እኚያው እናት፣ "እኛም መንገደኞች ነበርን" አሉ።

ኪኔሬትን አልፈን በቀትር ቴል ዳን ደረስን። ዳን፣ ባንያስና ሐጽባኒ የሚባሉ ጅረቶች ተገናኝተው ዮርዳኖስ ይሆናሉ፤ ትልቁ ዳን ነው። የሔርሞን ተራራ ዝናብና የቀለጠ በረዶ በድንጋዩ ውስጥ ሰርጎ ከታች በምንጭ ይወጣል። ስለዚህ በደረቁም ወራት አይነጥፍም። ውሃው በዛፎቹ ጥላ ሥር እየጮኸ ይወርዳል፤ እጅ ሲነከርበት ያቀዘቅዛል። በደጋንያ ያዘኑት እናት ፊታቸውን ታጥበው፣ "አሁን ወንዝ አየሁ" አሉ።

በመጨረሻ ወደ ሑላ ሸለቆ ተመለስን። የሑላ ረግረግ በ1950ዎቹ ለእርሻ እንዲሆን ደርቆ ነበር፤ አፈሩ ስለተጎዳ በ1994 ከፊሉ ተመልሶ ውሃ ተለቀቀበት። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል "አጉር" የሚባሉ፣ አንገትና እግራቸው ረጃጅም የሆነ ግራጫ ወፎች እየጮኹ ሰልፍ ሰልፍ ሆነው ወደ ውሃው ገቡ። አስጎብኚው ከፊንላንድና ከሩሲያ እንደሚመጡ፣ ከእነርሱም ገሚሶቹ እዚህ ከርመው ሌሎቹ እስከ ኢትዮጵያ፣ እስከ ጣና ዳር እንደሚሄዱ በዕብራይስጥ ነገረን። ልጁ እንደ ልማዱ ለአባቱ ማስተርጎም ጀመረ።

"ይህን እንኳ አታስተርጉምልኝ" አሉት አባትየው። "እነዚህን አውቃቸዋለሁ። ፎገራ ላይ ውሃው ከሜዳው ሲሸሽ፣ እህሉ ሲደርስ ይመጣሉ። እኔ በአንተ ዕድሜ ማማ ላይ ወጥቼ በወንጭፍ አባርራቸው ነበር።"

"በወንጭፍ? እንዴት?" አለ ልጁ፤ በአማርኛ።

አባትየው የአንገት ልብሳቸውን አጥፈው፣ ድንጋይ ሳያገቡበት አወዛወዙን አሳዩት። ሌሎቹም ልጆች ከበቧቸው። አስጎብኚው ቀርቦ ስለ ፎገራ ጠየቃቸው፤ ልጁም አባቱ የሚያውቁትን ወደ ዕብራይስጥ መለሰ። እስከዚያ ቀን ሲያስተረጉም የኖረው የአባቱን ችግር ብቻ ነበር።

ስንመለስ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። በአንድ ቀን ሁሉ ነገር ተቃና አልልም፤ ከዚያ በኋላም በቤታቸው ጭቅጭቅ ነበር። ነገር ግን ልጁ አባቱ ምን እንደሚያውቁ አይቷል።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ በዚህ መፀው ከልጆቻችሁ ጋር ውጡ። ሩቅ ባትችሉ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ወንዝ ወይም ሜዳ ይሁን። የምታውቁትን ዛፍ፣ ወፍና አፈር አሳዩአቸው። ከጥቅምት 2023 ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት ብዙ የሰሜን ነዋሪዎች ከቤታቸው ወጥተው ነበር፤ ወደ ሰሜን የምትሄዱ ከሆነ የፒኩድ ሃኦሬፍን መመሪያና የመግቢያውን ዋጋ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሲመሽ ስለሚበርድ ሹራብ ያዙ። ከተፈቀደው ቦታ ውጭ ውሃ ውስጥ አትግቡ፤ ሕፃናትንም ከዓይናችሁ አታርቁ።

መልካም መንገድ!