ሻይ ቤት ስንገባ

ገበያ ውለን ሲርበን ሻይ ቤት ገብተን ሳንቡሳና ሻይ እናዛለን። አንዳንዱ አስተናጋጅ ልብሳችንን አይቶ ይንቀናል። ከኋላችን የመጣውን ያስቀድማል። ያደረ ሳንቡሳ ያቀርብልናል። ስንጠይቀው ይቆጣል። ይህ ደግ አይደለም፤ እኛም ከፍለን ነው የምንበላው።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች በትሕትናና በአክብሮት እንዲስተናገድ፣ እንዳይሰደብም ደንግጓል። ነጋዴ ዋጋውን እንዲለጥፍ፣ ደረሰኝም እንዲሰጥ አዟል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሳናዝ በፊት የተለጠፈውን ዋጋ እናንብብ። ሒሳቡን ራሳችን እንደምር። ለምሳሌ አንዱ ሳንቡሳ 20 ብር ቢሆን ሁለቱ 40 ብር ነው። ሻይ 15 ብር ቢሆን ድምሩ 55 ብር ይሆናል። 100 ብር ከሰጠን መልሱ 45 ብር ነው። ቢጎድል ደረሰኙን ይዘን ባለቤቱን እንጠይቅ። እምቢ ካለ ለንግድ ጽሕፈት ቤት እናመልክት። ፊደል የቆጠረ፣ ሒሳብ የተማረ በቀላሉ አይታለልም።