ስለ አንድ የግላስጎ ባንድ የድርሰትና የጉዞ ኑሮ

ባለፈው ዓመት 11ኛ ክፍል ሳለሁ የወፍ በሽታ ይዞኝ ከኅዳር መግቢያ እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ ከትምህርት ቤት ቀርቼ እንደ ነበረ የክፍል ጓደኞቼ ያስታውሳሉ። የዓይኔ ቢጫነት ከጠፋ በኋላ እንኳ ጕልበቴ ቶሎ አልተመለሰም፤ ከአልጋዬ ተነሥቼ እስከ በረንዳው ድረስ ከሄድሁ ተመልሼ መተኛት ነበረብኝ። እናቴ ቅባት የነካውን ምግብ ሁሉ ከልክላ በብዙ ትዕግሥት ስታስታምመኝ፥ ሊጠይቁኝ ከመጡት ሰዎች አንዱ ግን ዓይኔ መጥራቱን አይቶ «ይህ ልጅማ ድኗል፤ አሁን ትምህርት ጠልቶ ነው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ያ ቃል ከበሽታው ይልቅ አሳመመኝ።

ታላቅ ወንድሜ ማዘኔን አይቶ በስልኩ ላይ ያሉትን የውጭ አገር ዘፈኖች ያሰማኝ ጀመር። ከነዚህ መካከል ቤል ኤንድ ሴባስቲያን የሚባል የስኮትላንድ ባንድ ነበረበት። ዘፋኙ አይጮህም፤ አጠገብህ ተቀምጦ የሰፈሩን ወሬ የሚያወራህ ይመስላል፤ ከኋላው ቼሎ፥ ቫዮሊንና ትራምፔት ቀስ ብለው ይገባሉ። ቃሉን ለመረዳት መዝገበ ቃላት ከትራሴ አጠገብ አስቀምጬ አዳምጥ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ የደራሲውን ታሪክ ሳነብ፥ እርሱም ዘፈን መድረስ የጀመረው ታሞ በተኛበት ዘመን መሆኑን ዐወቅሁ። ስለዚህ የመጽሔታችን ኮሚቴ ስለ ሙዚቃ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ ሌላ ርእስ አልፈለግሁም። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

አስቀድሜ እንዲህ ያሉት ባንዶች የሚጠሩበትን «ኢንዲ» የተባለውን ቃል ልተርጕም። ቃሉ «ኢንዲፔንደንት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተቈርጦ የወጣ ነው፤ ራሱን የቻለ ማለት ነው። በብሪታንያ አብዛኛውን ሸክላ የሚያሳትሙት ጥቂት ታላላቅ ኩባንያዎች ስለ ነበሩ፥ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አያሌ ወጣቶች ጥቂት ገንዘብ እያዋጡ የየራሳቸውን ትንንሽ ማሳተሚያ አቋቋሙ፤ ከነዚህ የወጣውም ሙዚቃ ኢንዲ ተባለ። ነገሩ ለኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ሸክላ የማሳተሙ መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፥ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በራሱ ድፍረት አስቀርጾ ወደ ህንድ በመላክ አሳትሞ አምጥቷል። አባቴ ይህን ስነግረው «እንግዲያው ኢንዲ ከኛ ዘንድም ነበረ በለኛ» ብሎ ሳቀ።

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ። የባንዱ መሥራች ስቱዋርት መርዶክ በ1968 ተወለደ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በግላስጎ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና በጭፈራ ቤት ሸክላ አጫዋች ሆኖ ሲኖር፥ ባጭሩ ኤም. ኢ. በሚባል በሽታ ተያዘ። ይህን በሽታ የዓለም ጤና ድርጅት በ1969 ከነርቭ በሽታዎች ጋር መድቦታል። ልዩ ጠባዩ ይህ ነው፤ ታማሚው ጥቂት ሥራ ሲሠራ ድካሙ ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ወይም ከዚያም በኋላ ይወድቅበታል፤ ቢተኛም እንቅልፉ አያሳርፈውም። ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራ እስከ ዛሬ የለም፤ ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒትም አልተገኘም። እንግዲህ ሐኪም የሚያሳየው ምልክት የሌለው ሰው ምን እንደሚባል ከላይ የጻፍሁትን ያነበበ ሁሉ ይገምተዋል። ይሁን እንጂ የኔን ሕመም ከርሱ ጋር ማወዳደሬ አይደለም። እኔ በሦስት ወር ተነሣሁ፤ እርሱ ግን ሰባት ዓመት ያህል ሥራ መሥራት አልቻለም።

ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ወላጆቹ ቤት ተመለሰ፤ በዚያም ፒያኖ ፊት እየተቀመጠ የራሱን ዘፈን መድረስ ጀመረ። ትንሽ ሲሻለው በከተማ አውቶቡስ እየተሳፈረ በመስኮት ሰው ያያል፤ ያየውንም ወደ ቤቱ ይዞ ይመለሳል። ዘፈኖቹ ስለ ታላላቅ ሰዎች አይደሉም። ለምሳሌ ከመጀመሪያው አልበም «ኤክስፔክቴሽንስ» የሚባለው በትምህርት ቤት ስለምትንገላታ አንዲት ልጅ የሚናገር ነው። እኔ ይህን ዘፈን ስሰማ የኛን ትምህርት ቤት ግቢ ማየቴ ምን ያስደንቃል?

በኛ አገር የአልበም ሽፋን ላይ ግጥሙ የእገሌ፥ ዜማው የእገሌ፥ ቅንብሩ የእገሌ ተብሎ ሲጻፍ እናያለን፤ ዘፋኙ ብዙ ጊዜ አራተኛ ሰው ነው። እንደ ቤል ኤንድ ሴባስቲያን ባለው ባንድ ግን ግጥሙንና ዜማውን የሚደርሰው ከራሱ ከባንዱ ውስጥ ያለ ሰው ነው። መርዶክ የዘፈኑን አጥንት ይዞ ይመጣል፤ ከዚያ ከበሮ መቺው፥ ጊታር መቺው፥ ቼሎ ተጫዋቿ እያንዳንዳቸው የሚስማማውን ክፍል ይፈልጉለታል። ለአንዱ ዘፈን አራት መሣሪያ ይበቃዋል፤ ለሌላው ስምንት ሰው ይሰበሰባል። እኔና ሁለት የክበባችን ልጆች ይህንን ዐይነት አሠራር ሞክረን ነበር፤ የመጀመሪያውን ሳምንት የጨረስነው ማን ቀድሞ ዝም ይበል በሚል ክርክር ነው። ለካስ ትልቁ ችሎታ አለመጫወት የሚገባበትን ቦታ ማወቅ ኖሯል!

መርዶክ ስቱዋርት ዴቪድ ከተባለው የቤዝ ጊታር ተጫዋች ጋር የተገናኘው ለሥራ ፈት ሙዚቀኞች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ነው። ባንዱ በ1996 ሲቋቋም ስሙን የወሰዱት ሴሲል ኦብሪ የተባለች ፈረንሳዊት ስለ አንድ ልጅና ስለ ትልቅ ውሻው ከደረሰችው ታሪክ ነው። በዚያ ጊዜ በግላስጎ ስቶው ኮሌጅ የሙዚቃ ንግድ ተማሪዎች ለትምህርታቸው መለማመጃ በየዓመቱ አንድ ትንሽ ሸክላ ያሳትሙ ነበር። የባንዱን ዘፈኖች ሲሰሙ በአንድ ዘፈን ፈንታ ሙሉ አልበም እንዲሠራ ፈቀዱ። «ታይገርሚልክ» የተባለው ይህ አልበም በሦስት ቀን ተቀርጾ በ1,000 ቅጂ ብቻ ታተመ። ተማሪዎች ለልምምድ ያሳተሙት ይህ ሸክላ ከጥቂት ዓመት በኋላ በመቶ በሚቈጠር ፓውንድ የሚፈለግ ዕቃ ሆነ፤ በ1999 እንደ ገና እስኪታተምም ድረስ ብዙ ሰው የሚያውቀው ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጠ ነበር። ሁለተኛው አልበም በዚያው በ1996 በኅዳር ወጣ። መርዶክ በዚያን ዘመን ይኖር የነበረው ከአንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በላይ ባለ ቤት ውስጥ ሲሆን፥ የአዳራሹም ጠባቂ እርሱ ነበረ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደ ሌሎቹ ባንዶች ከከተማ ወደ ከተማ አይዞሩም፥ ከጋዜጠኛም ጋር እምብዛም አይነጋገሩም ነበር። አንዳንዶች ይህንን ኵራት ነው አሉት። ነገር ግን ጕልበቱን በማንኪያ እየለካ የሚያወጣ ሰው ከመዞር ይልቅ መድረስን ቢመርጥ እኔ አልፈርድበትም። በ1999 በብሪት ሽልማት በኢንተርኔት በተሰጠ ድምፅ እጅግ የታወቀውን ስቴፕስን አሸንፈው የዓመቱ ምርጥ አዲስ ባንድ ሲባሉ፥ ተሸናፊዎቹ ወገኖች ተማሪዎች ተባብረው መረጧቸው ብለው አጉረመረሙ።

ይሁን እንጂ ባንድ ያለ ጉዞ አይኖርም፤ እነርሱም ከ2000 ወዲህ መዞር ግድ ሆነባቸው። የጉዞው ኑሮ ምን እንደሚመስል ልናገር። አውቶቡሱ ውስጥ እንደ መደርደሪያ በላይ በላይ የተሠሩ ጠባብ አልጋዎች አሉ፤ ሌሊቱን ሹፌሩ ሲነዳ እነርሱ ይተኛሉ፤ በዚህ የሆቴል ወጪ ይቀራል። ቀን ዕቃው ይወርዳል፥ ከሰዓት በኋላ ድምፁ ይሞከራል፥ ከዚያም ሰው እስኪገባ ድረስ መጠበቅ ነው። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይጫወታሉ። ከሃያ አራቱ ሰዓት ሕዝቡ የሚያየው ይህችን ብቻ ነው፤ የቀረው መጠበቅ፥ መጫንና ማራገፍ ነው። እንዲህ ባለው ኑሮ ወዳጅነት ይፈተናል፤ ስቱዋርት ዴቪድ በ2000 ባንዱን ትቶ ወጣ፤ ቼሎ ተጫዋቿ ኢዛቤል ካምቤል ደግሞ በ2002 በሰሜን አሜሪካ ጉዞ መካከል ተለየቻቸው። የሚያስቅም ነገር አይጠፋም። በ2017 በሰሜን ዳኮታ ሌሊት አውቶቡሱ ከአንድ ሱቅ ደጅ ቆሞ ሳለ፥ ከበሮ መቺው ሪቻርድ ኮልበርን በሌሊት ልብሱ እንዳለ ወርዶ ኖሮ ሳያዩት ትተውት ሄዱ። መቅረቱ የታወቀው ብዙ መንገድ ከተኬደ በኋላ ነው። በኢንተርኔት የሚረዳው ሰው እንዲገኝ ለመኑ፤ ሰውየውም በሚኒሶታ ለሚያደርጉት ዝግጅት ደረሰ።

ጉዞው ለታማሚ እንዲቀል ያደረጉት ብልሃት ግን ከሁሉ ይልቅ ደስ ይለኛል። እነርሱ ወደ አድማጩ ከመሄድ አድማጩ ወደ እነርሱ እንዲመጣ አደረጉ። በ1999 በእንግሊዝ አገር ባሕር ዳር አንድ የመዝናኛ ሰፈር ይዘው የሚወዷቸውን ባንዶች ጋበዙ፤ ሕዝቡም ሦስት ቀን አብሯቸው ሰነበተ። በነሐሴ 2019 ደግሞ ይኸንኑ ነገር ከባርሴሎና ወደ ሰርዲኒያ በሚሄድ መርከብ ላይ አደረጉት። ይህ ሲሆን ትልቁን መድረክም አልፈሩም፤ በ2006 ከ17,000 ሰው በላይ በሚይዘው በሆሊውድ ቦውል ከሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ ጋር ተጫውተዋል።

አንባቢ «ታማሚ ከሆነ ለምን ቤቱ ተቀምጦ እየደረሰ አይኖርም?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እኔም ጠይቄ ነበር። ምክንያቱ ገንዘብ ነው። ሸክላና ሲዲ በሚሸጥበት ዘመን ደራሲ ከቤቱ ሳይወጣ ከሽያጩ ሊኖር ይችል ነበር። ዛሬ ሰው የሚሰማው በኢንተርኔት ነው፤ አንድ ዘፈን አንድ ጊዜ ሲደመጥ የሚከፈለው ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም ያንሳል፤ እርሱም ለብዙ ሰው ይከፋፈላል። ስለዚህ ባንዱ የሚኖረው ከመግቢያ ትኬትና በአዳራሹ በር ላይ ከሚሸጠው ካናቴራ ነው፤ ይህን ለማግኘት ደግሞ መዞር ያስፈልጋል። ዘፈኑን የሰጠው ዕረፍት ነው፤ እንጀራውን የሚሰጠው ግን ዕረፍት የሚነሣው ጉዞ ነው። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ በነጻ ሳዳምጥ በዚያ ወገን ያለው ሰው ምን እንደሚከፍል አስቤ አላውቅም ነበር።

በ2020 ወረርሽኙ ወደ ሎስ አንጀለስ ለቀረጻ እንዳይሄዱ ስለ ከለከላቸው የመለማመጃ ክፍላቸውን ስቱዲዮ አድርገው እዚያው ግላስጎ ቀረጹ፤ አልበሙም በ2022 ወጣ። በ2023 መርዶክ ሕመሙ ስለ ጠናበት ታቅደው የነበሩ ዝግጅቶች ተሰረዙ። በ2024 ደግሞ ስለዚያ የበሽታ ዘመን የጻፈው «ኖቦዲስ ኤምፓየር» የተባለ ልብ ወለድ ታተመ፤ ስሙ በ2015 ስለዚሁ ሕመም ከደረሰው ዘፈን የተወሰደ ነው። ታላቅ ወንድሜ መጽሐፉን ሊያስመጣልኝ ቃል ገብቷል፤ እስካሁን ግን አልደረሰኝም።

የሙዚቃ ክበባችን ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ክፍል ይሰበሰባል። ሁለት ጊታር፥ አንድ ኪቦርድና አንድ ከበሮ አለን፤ ከአንደኛው ጊታር ሁለት ክር ጎድሎታል። በወላጆች ቀን የራሳችን የሆነ አንድ ዘፈን ለማቅረብ እየተለማመድን ነው፤ እኔ የምዘፍነው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። መለከት ወይም ቫዮሊን የሚችል ተማሪ፥ ወይም በቤቱ ሳይነካ የተቀመጠ መሣሪያ ያለው ወላጅ ቢኖር መጥቶ ይጠይቀን።