ብስጭትዎን ሳይሆን ጉዳይዎን ይጻፉ

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ነው። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ የሚላቸው ጎረቤታችን ሦስት ገጽ ሙሉ የተጻፈበት ወረቀት ይዘው ቤቴ መጡ። «የኔ ልጅ፣ አንተ የጋዜጣ ሰው ነህና እስቲ ይቺን እያት። የሆዴን ሁሉ ጽፌዋለሁ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቅምት 4 ቀን ከአንድ ባንክ ኤቲኤም 4 ሺሕ ብር ሊያወጡ ካርዳቸውን ያስገባሉ። ማሽኑ ብሩን ሳይሰጣቸው ከሂሳባቸው ላይ ቀነሰው። ብሩ ደግሞ የልጅ ልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር። ከዚያ በኋላ ቅርንጫፉ ዘንድ አምስት ጊዜ ተመላለሱ። አንድ ቀን «ሲስተም የለም»፣ ሌላ ቀን «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው»፣ ሌላ ቀን «ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ልከነዋል»። በመጨረሻ ትዕግሥታቸው አለቀና ብዕር አነሡ።

የጻፉት ነገር አንጀት ይበላል። የመጀመሪያው ገጽ ዘመኑ መክፋቱን ይናገራል። ሁለተኛው የባለቤታቸውን ሕመምና ሞት ይተርካል። ሦስተኛው ላይ «ሌቦች» የሚል ቃል አራት ጊዜ አለ። ቀኑና የገንዘቡ መጠን የተገኙት ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ነው። እኔ ጎረቤታቸው ሆኜ እንኳ እዚያ ለመድረስ ሁለት ስኒ ቡና ፈጅቶብኛል። ጠረጴዛው ላይ ሃምሳ ማመልከቻ የተከመረበት ኃላፊ እዚያ ድረስ ያነባል ብላችሁ ነው?

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አቤቱታ ስንጽፍ ንዴታችንን የምናወጣበት ይመስለናል። ደብዳቤው ግን የሚጻፈው ለእኛ ሳይሆን ለአንባቢው ነው። አንባቢው አያውቀንም፣ ጊዜ የለውም፣ ምናልባትም ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ይህ ሰው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ነገር ማወቅ አለበት፦ ምን ሆነ? እስካሁን ምን ተደረገ? አሁን እኔ ምን ላድርግ? አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚሉት ለዚህም ይሠራል።

ስለዚህ ከእትዬ ጋር ከመጻፋችን በፊት ማስረጃ ለቀማ ገባን። የሂሳብ መግለጫ አስወጡ። የተመላለሱባቸውን ቀናት ከቀን መቁጠሪያው ላይ አስታወሱ፤ ደግነቱ ምልክት ያደርጉ ነበር። ከዚያ ሦስቱ ገጽ ወደዚህ ወረደ፦

ቀን፦ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለ… ባንክ … ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ
ጉዳዩ፦ ከኤቲኤም ሳይወጣ ከሂሳቤ የተቀነሰ 4,000 ብር እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ
ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ በቅርንጫፉ በር ላይ ካለው ኤቲኤም 4,000 ብር ለማውጣት ስሞክር ማሽኑ ገንዘቡን ሳይሰጠኝ ከሂሳቤ ቀንሷል። ይህንኑ የሚያሳይ የሂሳብ መግለጫ 1 ገጽ አያይዣለሁ።
ጉዳዩን ጥቅምት 5፣ 12 እና 26፣ እንዲሁም ኅዳር 10 እና 30 በአካል ቀርቤ ባመለክትም እስካሁን መልስ አላገኘሁም።
ስለዚህ ገንዘቡ ወደ ሂሳቤ እንዲመለስልኝ፣ የማይመለስ ከሆነም ምክንያቱ እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
ከሰላምታ ጋር

ከዚህ በታች ስማቸው፣ ፊርማቸውና ስልክ ቁጥራቸው ብቻ ነው ያለው። እትዬ አንብበው «ይቺ ብቻ? የኔ ንዴት የታለ?» አሉ። ንዴቱ ቀናቱ ውስጥ አለ አልኳቸው። አምስት ቀን ተደርድሮ ሲታይ፣ ከአራት «ሌባ» በላይ ይናገራል። ደግሞም ያለማስረጃ ሰውን ሌባ ብሎ መጻፍ በስም ማጥፋት ሊያስከስስ ይችላል፤ ከሳሽ ተከሳሽ ሆኖ ያርፈዋል።

ልብ ይበሉ፤ ርዕሱ ላይ «ቅሬታ ስለማቅረብ» ብቻ አላልንም። የሚፈለገው ነገር እዚያው ተጽፏል። ጥያቄውም አንድ ነው። «ብሬ ይመለስ፣ ሠራተኛው ይባረር፣ ካሳ ይከፈለኝ» ቢባል ኖሮ፣ ከሦስቱ አስቸጋሪው ሌሎቹንም ይዞ ይቀር ነበር። ግልባጩንም እስከ ላይኛው ባለሥልጣን አልደረደርነውም። በመጀመሪያው ደብዳቤ ሁሉንም ከጠሩ ለሁለተኛው የሚጠሩት ያጣሉ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አድርገው መዝገብ ቤት ይስጡ፤ በእርስዎ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። «አስቀምጪው፣ እናየዋለን» ካሉ «ማኅተሙን ብቻ ያድርጉልኝ» ብሎ በትሕትና መቆም ነው። ያለዚያ ደብዳቤው ቢጠፋ እርስዎም አብረው ጠፉ ማለት ነው።

እትዬ ቅጂያቸው ላይ አስመትተው ተመለሱ። በዘጠነኛው ቀን ስልክ ተደወለ። የደወለው ሰው የጠየቃቸው ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አይጠፋም፦ «እናቴ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ከሆነ እስካሁን ለምን አላመለከቱም?» አምስት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ በወረቀት ግን አንድ ቀንም አልሄዱም! በዚያው ሳምንት ብሩ ሂሳባቸው ውስጥ ገባ። ይቅርታ የሚል ቃል ግን አልተጨመረበትም።

እርግጥ ሁሉም ደብዳቤ እንዲህ አይሳካለትም። መልስ ካልመጣ፣ ማኅተም ያለበትን ቅጂ አያይዘው ወደ ተቋሙ ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያም ወደ በላይ አካል ይሂዱ። ባንኮችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት አስተዳደራዊ በደል ከደረሰብዎ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ አቤቱታ ለማቅረብ ገንዘብ አይከፈልም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ም የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ «አይቻልም» ሲባሉ «በጽሑፍ ይስጡኝ» ማለት ጠብ መፈለግ አይደለም። አቤቱታ የማቅረብ መብትም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ላይ በስሙ ተጠርቶ ተቀምጧል።

መጻፍ የሚከብደው ሰው ፍርድ ቤት ደጃፍ ወዳሉት ራፖር ጸሐፊዎች ይሄዳል። ነውር የለውም። ነገር ግን ቀኑንና ቁጥሩን አስቀድመው ይዘው ይሂዱ፤ ተጽፎ ሲያልቅ ጮክ ብሎ ያንብብልዎ፤ እርስዎ ያላሉት ነገር ካለ ሳይፈርሙ ያስወጡት።

እትዬ ያቺን ባለ ሦስት ገጽ ወረቀት አልጣሏትም። ከማኅተሙ ቅጂ ጋር ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋታል። «አንዷ ለባንኩ፣ አንዷ ለእግዜር» ይላሉ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ተረት እውነት ነው፤ ለባንኩ የምትሄደዋ ግን አጠር ትበል፣ ማኅተምም ይኑራት።