ትንሽ ጨጓራና ሰፊ ገበታ

አንባቢ ሆይ፤ እስቲ አንድ የደመወዝ ቀን ያስቡ። ከቢሮ ጓደኞችዎ ጋር ምግብ ቤት ገብታችኋል። አሳላፊው እጅ አስታጥቦ ትልቁን ትሪ ከመካከል አኑሯል። ከእናንተ አንዱ ከጥቂት ወራት በፊት ውፍረት ለመቀነስ ሲል ጨጓራውን ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ነው። ጥቂት ጊዜ ጎረሰና እጁን ሰበሰበ።

«ምነው? ተቀየምከን እንዴ?» አለ አንዱ። ሌላው ደኅና አድርጎ ጠቀለለና «በሞቴ!» እያለ አጎረሰው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛው ተከተለ። ሰውየው አፍሮ ተቀበለ። ወዲያው ግን ደረቱ ተጨነቀ፤ ምራቅ አፉን ሞላው፤ ይቅርታ ጠይቆ ወደ ጓሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ «ምሳ እንሂድ» ባሉት ቍጥር «ሥራ አለብኝ» ማለት አበዛ።

ጥፋቱ የማን ነው? የእርሱም የእናንተም አይደለም፤ ያለማወቅ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ኤድዋርድ ሜሰንና ባልደረባቸው ዶክተር ቺካሺ ኢቶ የጨጓራን ጥቂት ክፍል ከቀረው ለይተው ከአንጀት ጋር አገናኙት። ሐሳቡን ያመጣው፣ በቍስል ምክንያት ጨጓራቸው በከፊል የተቈረጠ ሕመምተኞች ሲከሱ መታየታቸው ነበር። ዛሬ በዚህ መንገድ የሚሠራው ትንሽ ጨጓራ መጀመሪያ ላይ የሚይዘው 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ይኸውም የቡና ሲኒ ግማሽ ቢሆን ነው። በሌላው ዓይነት ኦፕራሲዮን ደግሞ ከጨጓራው ከመቶ 80 ያህሉ ተቈርጦ ይወጣል፤ የቀረውም የሙዝ ቅርጽ ያለው ቀጭን ቱቦ ይሆናል።

እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ሐኪሙ የሚያሳንሰው ጨጓራን ነው እንጂ የምግብ ቤቱን ሳሕን፣ የወዳጅን ግብዣና የዓይንን አምሮት አይደለም። እነዚህን ማሳነስ የባለቤቱ ፈንታ ነው።

ምናልባት ኦፕራሲዮኑ የተደረገልዎ እርስዎ ራስዎ እንደሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በፈሳሽ፣ ቀጥሎ በተፈጨና በለሰለሰ ምግብ ያሳልፋሉ። ወደ ምግብ ቤት የሚሄዱት ሐኪምዎ ጠጣር ምግብ ሲፈቅድልዎ ነው። በሄዱም ጊዜ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ዕንቍላል፣ ዓይብ ወይም ምስር ይቅደም። ሰውነት በቀን ቢያንስ 60 ግራም ያህል ፕሮቲን እንዲያገኝ ሐኪሞች ያዛሉ፤ እንጀራው፣ ዳቦው ወይም ፓስታው ከቀደመ ግን ቦታውን ይይዝበታል። ደረቅ ጥብስ ለብዙ ሰው ያስቸግራል፤ ለስላሳ ወጥ ይሻላል። እያንዳንዱን ጉርሻ እስኪልም ድረስ ማኘክ፣ ለአንድ ምሳም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መስጠት ይገባል።

ውሃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቈያል። ጋዝ ያለው አምቦ ውሃና ለስላሳ መጠጥ ትንሹን ጨጓራ ስለሚነፋው ይቅርብዎ። ኬክና ጣፋጭ መጠጥ ሳይፈጩ ወደ አንጀት ይወርዱና ላብ፣ የልብ ምት፣ ማዞርና ተቅማጥ ያመጣሉ። አልኮል ደግሞ ከቀድሞው ይልቅ ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል፤ ዱሮ በሦስት ብርሌ ጠጅ የማይሰክር ሰው ዛሬ በአንዱ ሊሰክር ይችላል።

«ለጥቂት ጉርሻ የሙሉ ሳሕን ዋጋ ልክፈል?» ይሉ ይሆናል። ደመወዙ ትንሽ ለሆነ ሰው ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ከጓደኛ ጋር አንድ ሳሕን መካፈል ወይም የተረፈውን አስጠቅልሎ ለማታ ማቈየት ነውር የለበትም። በአሜሪካ አንዳንድ ሐኪም ቤቶች፣ ምግብ ቤቱ ግማሽ ሳሕን ወይም የልጆች ምግብ እንዲሸጥለት የሚጠይቅ ካርድ ለሕመምተኛው ይሰጣሉ። ምግብ ቤቱ ግን የመቀበል ግዴታ የለበትም። በእኛ አገር ለአሳላፊው ቀስ ብሎ መንገር ከካርድ ይበልጣል።

ወደ መጀመሪያው ገበታ እንመለስ። በአንድ ትሪ ሲበላ ማን ስንት እንደ ጎረሰ የሚቈጥር የለም፤ ይህም ለወዳጃችን መልካም መሸሸጊያ በሆነለት ነበር። የሚያጋልጠው ጉርሻው ነው። ጉርሻ ፍቅር ነውና እንቢ ማለት ይከብዳል፤ መቀበሉ ግን ያሳምማል። ስለዚህ ባለ ጉዳዩ ሳይቀመጥ አስቀድሞ «ሐኪም ከልክሎኛል፤ በጨዋታው ግን አለሁ» ይበል። እናንተም አንድ ጊዜ ከሰማችሁ አትድገሙት፤ ሳሕኑንም አትቍጠሩበት። ማጉረስ የግድ ከሆነባችሁ፣ ትንሽ ጠቅልላችሁ «ይበቃሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ሰው ወደ ገበታ የሚቀርበው ሆዱን ለመሙላት ብቻ አይደለም። በሚመጣው የደመወዝ ቀን ያን ወዳጅዎን ይጥሩት፤ እጁን ፈጥኖ ቢሰበስብም ወንበሩን አይውሰዱበት።