ልጆቻቸውን በቤት ለሚያስተምሩ ወላጆች፤ ስለ ትምህርት ዓመት መጀመሪያ

ዐዲስ ዓመት በመጣ ቍጥር ወላጅ ሁሉ ስለ ልጁ ትምህርት ማሰቡ የተለመደ ነው። ብዙው ሰው ደብተርና እርሳስ ገዝቶ፥ ልብስ አሰናድቶ፥ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ይሸኛል። ነገር ግን በውጭ አገር፥ ይልቁንም በአሜሪካ፥ ልጆቻቸውን በቤታቸው ራሳቸው የሚያስተምሩ ብዙ ወላጆች አሉ፤ በዚያ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከልም ይህን መንገድ የመረጡ ይገኛሉ። ነገሩ በአገራችን ላለነውም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፥ በብዙ ቤት እናትና አባት ሳያስቡት መምህር ሆነው ነበርና። ስለዚህ የዓመቱ መጀመሪያ በቤት እንዴት ቢያዝ መልካም እንደ ሆነ ዛሬ በዚህ ገጽ ልንነጋገር ወደድን።

በቤት ማስተማር ልጅን ከትምህርት ማስቀረት አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በ50ዎቹ ግዛቶች ሁሉ የተፈቀደ ሲሆን፥ ሥርዐቱ ግን ከግዛት ግዛት ይለያያል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በቨርጂኒያ፥ በተለመደው ደንብ፥ ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ቀን፥ ይኸውም እስከ ነሐሴ 9 ቀን ድረስ፥ ሐሳቡን ለአካባቢው የትምህርት ሹም በጽሑፍ ያስታውቃል፤ የሚያስተምራቸውንም የትምህርት ዐይነቶች ይዘረዝራል። ዓመቱ ሲፈጸም ደግሞ ልጁ በትምህርቱ መግፋቱን በፈተና ወይም በሌላ ማስረጃ ያሳያል። በጀርመን አገር ግን ልጅ ሁሉ ወደ ትምህርት ቤት የመሄድ ግዴታ ስላለበት፥ ይህ ዐይነቱ ትምህርት ከጥቂት ልዩ ምክንያት በቀር አይፈቀድም።

እንግዲህ ወረቀቱ ተጽፎ፥ መጽሐፉም ተገዝቶ፥ ትምህርቱ በተጀመረ ጊዜ የመጀመሪያው ሳምንት ብዙውን ጊዜ በደስታ ያልፋል። ደብተሩ ንጹሕ ነው፤ ልጁም ለነገሩ ዐዲስ ስለ ሆነ ይታዘዛል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ግን ልጁ ያዛጋል፤ ያለቅሳል፤ እናትም ትቈጣለች። የዚህም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የልጁ ስንፍና ሳይሆን፥ ወላጅ ቤቱን እንደ ትምህርት ቤት አድርጎ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ልጁን ማስቀመጡ ነው። በትምህርት ቤት ብዙ ልጆች በአንድነት ስለሚማሩ፥ ስም ለመጥራት፥ ለመሰለፍና ተራ ለመጠበቅ ብዙ ጊዜ ይሄዳል። ከአንድ ወይም ከሁለት ልጅ ጋራ የተቀመጠች እናት ግን ያንኑ ትምህርት በጥቂት ሰዓት ልትፈጽመው ትችላለች። ከምሳ በፊት የጨረሰች እንደ ሆነ ከልጇ ትምህርት የሰረቀች ሊመስላት አይገባም።

ሻርሎት ሜሰን የተባሉት እንግሊዛዊት መምህርት እ.ኤ.አ. በ1886 «የቤት ትምህርት» የተባለውን መጽሐፋቸውን ባሳተሙ ጊዜ፥ ዕድሜው ከ8 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አንድ ትምህርት ከ20 ደቂቃ እምብዛም እንዳይበልጥ መክረዋል። ደግሞም ልጁ አንድ ታሪክ አንድ ጊዜ ብቻ ከተነበበለት በኋላ፥ የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ እንዲናገር ያደርጉ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚነበብለት ያወቀ ልጅ ልብ ብሎ ይሰማልና፥ አጭሩ ሰዓት ከረጅሙ ይልቅ ፍሬ ይሰጣል።

በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ፊደል ሲያስቈጥሩም ይኸው ምክር ይጠቅማቸዋል። የአማርኛ ፊደል 33 ቤት ቢሆን፥ እያንዳንዱም ከግዕዝ እስከ ሳብዕ 7 ድምፅ ስላለው፥ ጠቅላላው 231 ይሆናል። ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት አስጠናለሁ ያለ ወላጅ ልጁን ያስመርረዋል። በሳምንት 5 ቀን፥ በቀን አንድ ቤት ብቻ ያስጠና እንደ ሆነ ግን በ7 ሳምንት ይፈጽመዋል። በመስከረም መጀመሪያ «ሀ» ያለው ልጅ፥ ጥቅምት ሳያልቅ ከመጨረሻው ቤት ይደርሳል ማለት ነው። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ዐይነቱ ሥራ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ንባብንና ሒሳብን ብቻ ብትይዙ፥ የቀረውንም ትምህርት ልጁ ሥርዐቱን ሲለምድ በየሳምንቱ አንድ አንድ እያደረጋችሁ ብትጨምሩ መልካም ይመስለናል። ትምህርቱንም ልጁ ከማልቀሱ በፊት አቁሙት እንጂ ካለቀሰ በኋላ አይሁን። አባትም ከሥራ ሲመለስ ልጁ የተማረውን ቢያስነግረው፥ ሸክሙ በእናት ላይ ብቻ አይወድቅም። ከጎረቤት ልጆችም ጋራ የሚጫወትበት ሰዓት እንደ ትምህርቱ ሰዓት ተቈጥሮ ይጠበቅለት።

ከሁሉ ይልቅ ልናስብበት የሚገባን ግን አንድ ነገር አለ። በትምህርት ቤት መምህሩ የተቈጣው ልጅ ማታ ወደ እናቱ መጥቶ ይጽናናል። በቤት በሚማር ልጅ ዘንድ ግን መምህሪቱና እናቲቱ አንዲት ናቸው፤ ትምህርቱ የጠብ ምክንያት የሆነ እንደ ሆነ ልጁ የሚሸሽበት ሌላ ቤት የለውም። በመስከረም ያልተጨረሰ የሒሳብ ምዕራፍ በጥር ሊጨረስ ይችላል። በመስከረም የተጐዳ የእናትና የልጅ ፍቅር ግን እንዲህ በቀላሉ አይጠገንም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራ ብዙ ገጽ መግለጥ ሳይሆን፥ ልጁ በማግሥቱ ጧት ወደ ጠረጴዛው በፈቃዱ እንዲመለስ ማድረግ ነው። ይህን ያገኘ ወላጅ ዓመቱን በሚገባ ጀምሯል እንላለን።